ውስኪ በእንቁላል

ስልክ ላይ አንድ ጊዜ ባዩት ነገር ባለሙያ የሚሆኑ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ እንጅባራ ውስጥ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ መምህር አስማረ ይባላል። «ውስኪ ሳወር» የሚሉትን መጠጥ አሠራር ስልኩ ላይ አየና አማቱን አያ ፈንታን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ጠራቸው። እኔንም ለምስክርነት መሰለኝ ጠራኝ።

ፍሪጅ የለውም፤ በረዶ ከየት ይምጣ? ደግነቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ራሱ በረዶ አወረደለትና ከግቢው በሳህን ለቀመ። ከዚያ ውስኪውን፣ ሎሚውን፣ ስኳሩንና የእንቁላሉን ነጭ ከበረዶው ጋር ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሮ እንደ እርጎ ይንጠው ጀመር።

«አባቴን በጥሬ እንቁላል ልትገድልብኝ ነው?» አለች ሚስቱ።

አስማረ ላቡን ጠርጎ ቀዳላቸው። አያ ፈንታ አረፋውን አዩት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት። ሁላችንም ምራቃችንን ዋጥን።

«ልጄ፣ ጉንፋን እንደያዘኝ ማን ነገረህ?» አሉት።

የአስማረ ሚስት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሽማግሌው ግን ብርጭቆውን ጨልጠው ዘረጉለት።

«አንደኛው አፍንጫዬ ተከፍቷል፤ በል ለሌላኛውም ድገመኝ!»