ዓኽርያ እንዴት ትራመዳለች?

የእኔ ነገር የተበላሸው ቅዳሜ ዕለት ነው። ያውም ጠዋት፣ ያውም ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ። የሌላው ሰው መከራ ጨለማ ለብሶ ይመጣል፤ የእኔ ግን ክራቫታ አስሮ ነው የመጣው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። በአስመራ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሰውን የአካል እንቅስቃሴ መረጥኩ። ርዕሱ «የሠራተኛ ሰው ተፈጥሯዊ አረማመድ» ይላል። አባቴ ሲሰሙ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው መራመድ ነው? አንተ እኮ ዓመት ሳይሞላህ ነው ድክ ድክ ያልከው» አሉኝ። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንዴት አድርጎ እንደሚሄድ ግን ማን አጥንቶ ያውቃል?

አማካሪዬ ከአዲስ አበባ የመጡ መምህር ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸው ራሳቸውን ያውቃሉ። ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር አበባ የከበበው ቤት ነበራቸው፤ ከዚያ እስከ ክፍላችን የሚመጡት በማኪና ነው። ስለ መራመድ የሚያማክሩኝን ሰው ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም ብልህ ታምነኛለህ? ይሁን። ትእዛዛቸው አጭር ነበር። ሰዎቹ ጤነኞች ይሁኑ፣ መጠናታቸውን ይወቁ፣ እንደ ልማዳቸው ይራመዱ አሉ።

ሰው ፍለጋ ከሰፈሬ ከጸጸራት ተነስቼ ወደ ሠራተኛው ሰፈር ወደ ዓኽርያ ወረድኩ። የአባቴ ወዳጅ አቦይ ሳልሕ እዚያ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ፈተና ስላለብኝ ቅዳሜ መጥታችሁ ትንሽ ብትራመዱልኝ አልኳቸው።

«መራመድ ብቻ?»

«መራመድ ብቻ።»

አትክልት ሻጯን አደይ ምሕረትንና ሌሎች ጎረቤቶቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ቃል ሰጡኝ።

ቅዳሜ ማለዳ የዩኒቨርሲቲው ሜዳ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩ። ሰው ሲረግጠው ዱካው ይቀራል፤ እኔ ከዱካ ዱካ ያለውን እለካለሁ። ሌላ ጥበብ የለውም።

መጡ። አመጣጣቸውን ብታይ! አቦይ ሳልሕ ከአማቻቸው የተዋሱት ጥቁር ጫማ ፊት ያሳያል። አደይ ምሕረት ተረከዙ የረዘመ ጫማ አድርገዋል። ከኋላቸው ያለው ዓኽርያ በሙሉ ሙሽራ አጃቢ ነው የሚመስለው። ለካ እስከ በሩ ድረስ በየሥራ ጫማቸው መጥተው፣ በር ላይ ነው የቀየሩት።

«አቦይ ሳልሕ፣ በረባሶዎ የት አለ?» አልኳቸው። ዘወትር የሚያደርጉት ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው።

ተቆጡ። «ወደይ፣ ልጄ፣ እኔ ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ለፈተና ብጠራ በበረባሶ ልፈተን?»

የሚፈተኑት እነርሱ መስሏቸው ኖሯል! ፈተናው የእኔ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። አደይ ምሕረት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ አናሳፍርህም» አሉኝ።

አስመራ ውስጥ የተወለወለ ጫማ አቧራ ከሚነካው ባለቤቱ ቢወድቅ ይሻላል። አቦይ ሳልሕ ዱቄቱን ሲያዩ እንደ ሽመላ እግራቸውን ከፍ እያደረጉ በጣታቸው ጫፍ ተሻገሩ። በዚያ ላይ ጫማው ይጠባል። አደይ ምሕረት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭራሽ ዘለሉት። ጎረቤቶቻቸው አጨበጨቡ። እኔ ላብ አጠመቀኝ።

ፈተናው አለቀ ተባለና አቦይ ሳልሕ እፎይ ብለው በረባሷቸውን አደረጉ። ውኃ ሊጠጡ ወደ ቧንቧው ሲያቀኑ ሳያስቡት ዱቄቱን አቋርጠው ሄዱ። ዞር ብዬ ባይ፣ ምን የመሰለ ዱካ! ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ ሳይቸኩል ዕድሜውን ሙሉ መዶሻ ያነሳ ሰው ዱካ። ወዲያው ሌሎቹንም፣ «ጫማችሁን ቀይራችሁ ውኃ ጠጡ እንጂ!» እያልኩ በዱቄቱ ላይ ነዳኋቸው። ያልጠማው ሁሉ ጠጣ።

ሁለቱንም ጻፍኩ። ሰው ሲታይ አንድ፣ ሳይታይ ሌላ አረማመድ አለው አልኩ። ግኝት መስሎኝ ነበር። አማካሪዬ የመጀመሪያውን አዩና፣ እነዚህ በሽተኞች ናቸው፣ ጤነኛ ምረጥ አላልኩህም ወይ አሉ። ሁለተኛውን ደግሞ መለካታቸውን ስላላወቁ አይቆጠርም ብለው ሰረዙት። ታዲያ ተፈጥሯዊው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ማኪናቸው ውስጥ ገቡ። ጓደኞቼ ጥቁር ካባ ለብሰው ሲመረቁ እኔ አጥር ተደግፌ አጨበጨብኩ። በቀጣዩ ዓመት ስለ ኳስ ውርወራ ጽፌ ተመረቅኩ። ኳስ ጫማ አያደርግም።

ቂም ይዘሃል ወይ? አዎ፣ ይዣለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዛሬ የስፖርት መምህር ነኝ። በዓኽርያ ባለፍኩ ቁጥር ግን አቦይ ሳልሕ ከመዶሻቸው ቀና ይሉና፣ «ወደይ፣ ሓሊፍና ዶ?» ይሉኛል። አልፈናል ወይ ማለታቸው ነው። ገና አልታረመም እላለሁ። አደይ ምሕረት በዚህ አይከፉም። «መዘግየቱ ደግ ነው፤ የወደቀ ሰው ቶሎ ይነገረዋል» ይላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ተስፋ ከየትኛውም መጽሐፍ አልተማርኩም።

በቀደም አቦይ ሳልሕ አንድ ነገር አዋዩኝ። ያንን ፈተና ካለፉ የማታ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ሊቆጥሩ ነው። አደይ ምሕረትም አብረዋቸው። አንተው አልፈዋል በላቸው ትለኝ ይሆናል። ብያቸዋለሁ! አቦይ ሳልሕ በሐዘኔታ አዩኝና፣ «አንተማ ራስህ ወድቀሃል፤ የምንጠብቀው የትልቁን መምህር ቃል ነው» አሉኝ።

እንግዲህ አማካሪዬ፣ ጌታዬ፣ ይህ ወሬ ከደረሰዎ የእኔን ነገር ይተዉት። ካባውንም፣ አጥሩንም ይተዉት። የማታው ትምህርት ምዝገባ ግን ሊዘጋ ነው። ሰዎቹ አልፈዋል ወይስ ወድቀዋል? ይመልሱልኝ!