ብራክልዲን ላለማሸነፍ የተጫወተ ዕለት

ሌሊቱን በሕልሜ ብራክልዲን ሜዳ ዳር ቆሜ አደርኩ። ብራክልዲን ባለቤቴ አስናቀ እስኪሞት ድረስ በየቅዳሜው ግብ ይጠብቅለት የነበረ የእንግሊዝ ገጠር ክለብ ነው። ሜዳው ተዳፋት ስለሆነ ኳስ ሁልጊዜ ወደ ቦዩ ትንከባለላለች፤ በሕልሜ ግን ዳገቱን ሽቅብ ትወጣ ነበር።

ዳኛዋ በግ ነበረች። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሣር ትግጣለች። ተመልካቾቹ ላብ እስኪያጠምቃቸው ይሮጣሉ፤ ተጫዋቾቹ ዳር ቆመው ያጨበጭቡላቸዋል።

የክለቡ ሊቀ መንበር ሚስተር ክላይቭ መጣና በጎጃም አማርኛ ሰላም አለኝ።

«እንዴት አደሩ፣ እሜቴ? ዛሬ የሚሰለፉት ሙታን ብቻ ናቸው። በሕይወት ያለ ሰው ጉልበቱን ያመዋል።»

እውነትም ክለቡን የመሠረቱት ሰዎች ተነሥተው ጫማቸውን ያስሩ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ፣ ቄሱ ከነቀሚሱ፣ መቃብር ቆፋሪው ከነአካፋው። ከኋላቸው አስናቀ ጓንቱን እያጠለቀ ብቅ አለ። ሆዱ እንኳ አልቀነሰም።

«አጸደ! ዣንጥላ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ጎሽ። ፀሐይ ልትወጣ ነው።»

ሚስተር ክላይቭ ሕጉን ነገረኝ። ያሸነፈ ክለብ ይፈርሳል፣ ተጫዋቾቹም ወደ መጡበት ይመለሳሉ። የተሸነፈ ወይም አቻ የወጣ ይኖራል። ብራክልዲን ከቅድመ አያቶቹ ዘመን ጀምሮ የኖረው አንድም ጊዜ አሸንፎ ስለማያውቅ ነው።

«አይስጉ» አለኝ። «ባለቤትዎ እያለ አናሸንፍም። ደጁን ለእንግዳ የማይዘጋ ደግ ሰው ነው።»

ልቤ ረጋ። አስናቀን አውቀዋለሁ፤ ኳስ ይቅርና በሬ ቢመጣ አይዝም።

ጨዋታው ተጀመረ። መቃብር ቆፋሪው ኳሷን ወደ ገዛ ግቡ ሲመታት፣ ዞራ ዳገቱን ወጣችና የተጋጣሚው መረብ ውስጥ ገባች። አንድ ለባዶ መራን። ሕዝቡ አለቀሰ። ቄሱ ለዳቦ ጋጋሪው ንስሐ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ተስፋችን አስናቀ ብቻ ነበር። ተጋጣሚዎቹ መቱ፤ ያዘ። ደገሙ፤ ያዘ። ሆን ብሎ ወደ ሌላ ጎን ዘለለ፤ ኳሷ ተከትላው እቅፉ ውስጥ ገባች። ከመረቡ ኋላ ሆኜ ጮኽኩ።

«ልቀቃት፣ አስናቀ!»

«እኔ ምን ላድርግ? እሷ አልለቅ አለችኝ!»

«እጅህን ኪስህ ክተት!»

«ቁምጣው ኪስ የለው፣ አንቺ ሴት! ደግሞ አየሽ አይደል፣ ሲያምርብኝ?»

አምሮበታል። ይህን ግን አልነገርኩትም። ወደ ዳኛዋ ሮጥኩ።

«እባክሽ፣ የባከነ ሰዓት ይጨመርልን።»

በጓ ሣሯን አላመጠች። «የባከነ የለም» አለች።

ዣንጥላዬን ጥዬ መረቡን አንሥቼ ገባሁ። ኳሷን ከእቅፉ ይዤ ወደ መስመሩ ጎተትኩ። እሱም ጎተተ። እጁ ይሞቅ ነበር።

«ኧረ ሰው ያየናል!» አለኝ እየሳቀ።

«ይየን።»

ኳሷ ግማሽዋ መስመሩን አለፈች። ጥቂት ቀራት። በጓ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ደወል ተደወለ።

የቤቴ በር ደወል ነበር። ነግቷል። ሚስተር ክላይቭ በራሱ እንግሊዝኛ እያጉተመተመ ትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ቆሟል። የክለቡን ማልያ የተጫዋቾች ቤት በየተራ ያጥባል።

«ተራው የእናንተ ቤት ነው፣ ወይዘሮ አጸደ» አለኝ። «ትናንት ዘጠኝ ለባዶ ተሸነፍን።»

«ግቡን ማን ጠበቀ?»

«ሰው አልተገኘም። የአስናቀን ማልያ የግቡ ቋሚ ላይ ሰቀልነውና በአሥር ሰው ተጫወትን። እውነቱን ልንገርዎት? ብዙም ልዩነት አላየንም።»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀና ወዲያው ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሲሄድ ከረጢቱን ፈታሁ። ከማልያዎቹ ሁሉ የአስናቀን ብቻ ጭቃ አልነካውም። እሱንም አጠብኩት።