ክቡር አቶ ቢሆንስ እና የእብነ በረዷ ክንድ

አቶ ቢሆንስን የማያውቅ ሰው የለም። በር ቆልፎ ከመንገድ የሚመለሰው፣ ምድጃ አጥፍቶ ማጥፋቱን የሚጠራጠረው፣ ሰማዩ ወለል ብሎ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ የሚይዘው እሱ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንዳንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ይሆናል፣ አንዳንዱ ሐኪም፤ በሽተኛውም ይተርፋል። የእኛው ግን፣ እግዜር ሲቀልድ፣ ቀራጺ ሆኖ ተፈጠረ።

ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ፣ መጋረጃ ሰፊዋ ናት። ስትናደድበት "ክቡር" ትጨምርበታለች።

ሥራው የቆመው ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ መሃል፣ ከአንድ ጫማ ቤት ፊት ለፊት ነው። በጥንታውያኑ አምሳል የተቀረጸች፣ ረጅም ልብስ የተጎናጸፈች፣ ቀኝ ክንዷን ወደ መንገደኛው የዘረጋች የእብነ በረድ ሴት። ልብሱ ገላዋ ላይ እንዲጣበቅ ሲል አንሶላ ውሃ ውስጥ እየነከረ ሚስቱን ይጠቀልላት ነበር። ክረምቱን ሙሉ እጇን ዘርግታ ቆመችለት። እሱም በአንድ እጁ አንሶላውን እያረጠበ፣ በሌላው ግንባሯን እየዳሰሰ "ብርድ ቢመታሽስ?" ይላታል። መታት። ፊቱን ከመጽሐፍ አመጣው፤ ክንዱ ግን የእሷው ነው፣ ክርኗ ላይ ካለችው ስርጉድ ጋር። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሐውልቷ ተመርቃ፣ ተጨብጭቦ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ የአቶ ቢሆንስ ጭንቀት ገና መጀመሩ ነበር። ገበያተኛው የተዘረጋ ክንድ ሲያይ ምን ያደርጋል? ቦርሳውን ያንጠለጥልበታል፤ ክንዱ ቢሰበርስ? እሱም ማለዳ እየሄደ ሥሯ ይቆም ጀመር።

"እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ ዕቃውን እኔ ልያዝልዎት። ክንዷ ሸክም አልለመደም።"

አንዳንዷ ሌባ ነው ብላ ትሸሻለች። አንዷ ደግሞ ቦርሳውንም ልጇንም አስረክባው ጫማ ስትለካ ዋለች።

"ጋሼ፣ ደንበኞቼን ጨረሱብኝ እኮ!" አለ ጫማ ሻጩ። "ቀኑን ሙሉ 'ይወድቃል፣ ራቁ' እያሉ ማን ወደ ሱቄ ይገባል?"

ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ላከ። መሐንዲሱ ክንዱን ነካካ፣ አንኳኳ። "ውስጡ የብረት ዘንግ አለ። በሬ ቢያስሩባት ንቅንቅ አትልም" አለ።

"በሬው ቢደነብርስ?"

መሐንዲሱ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

አቶ ቢሆንስ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ብትቆጣ፣ ብትለምን፣ መልሱ አንድ ነው፦ "የጥንቶቹን ሐውልቶች አላየሽም? እጅ ያላት አንዲት አሳዪኝ!"

"እነሱማ ሁለት ሺህ ዓመት ቆመው ነው!"

"ይኸው! መውደቁን አመንሽ።"

አንድ ምሽት ሹካውን አስቀመጠና፣ "እኔው እቆርጠዋለሁ" አለ።

የስፌት መኪናዋ ቆመ። "ምኑን?"

"ክንዱን። ሕፃን ላይ ወድቆ ከማይ፣ በገዛ እጄ ላውርደው።"

መጋረጃ ሰፊዋ ክርኗን ያዘች። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ሳል ትዝ አላት። መልሳ መጋረጃዋ ላይ አጎነበሰች።

በማግስቱ መሮና መዶሻውን በከረጢት ይዞ ሲወጣ በነጠላ ጫማዋ ተከተለችው። ጫማ ሻጩ የሱቁን በር ገና ወደ ላይ እየገፋ ነበር። አቶ ቢሆንስ ከረጢቱን ሲፈታ ቀድማው የሐውልቷ መቆሚያ ላይ ወጣች፤ የድንጋዩን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ እግሯን ከመሬት አነሣች።

"በል ቁረጣ! ከነእኔ ቁረጠው!"

ዕድሜዋን ተቀምጣ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፣ ቀላል አይደለችም። ጫማ ሻጩ አፉን ይዞ ቀረ። እሷም በአየር ላይ እንዳለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ፣ "ቢሰበርስ?" የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። ክንዱን ይበልጥ አጥብቃ ጨበጠችው። ለካ ይህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ እንዲህ እየሆነ ነው የሚውለው! ዓይኗን ጨፈነች።

ክንዱ ንቅንቅ አላለም። መዶሻው ግን መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማች፤ ወዲያው ሁለት እጆች እግሮቿን እቅፍ አደረጓቸው።

"ውረጂ! በእናትሽ ውረጂ!"

"አየህ? አልተሰበረችም!"

"ትሰበር! ድንጋይ ናት፣ ሌላ እቀርጻለሁ! ያንቺ ትከሻ ቢወልቅስ? አንቺን ከየት አመጣለሁ?"

ስትወርድ የምታወርድበትን ስድብ አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። በትዳር ዘመኗ ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። እጇ እየዛለ፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ፣ ሌላም እንዲጨምርላት ትንሽ ተንጠልጥላ ቆየች።