የካምቢዮ ግለ ሂስ

አሮጌ መኪና ሐቀኛ ነው። ሊታመም ሲል ቀድሞ ያስላል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ዳገቱን እንደማይወጣላችሁ ገና ከሜዳው ጀምሮ በድምፁ ይነግራችኋል። እናንተም አውቃችሁ ትሳፈራላችሁ፣ ጎማ ሥር የሚወሸቀውም ድንጋይ ቀድሞ ይዘጋጃል። አዲስ መኪና ግን አመለኛ ነው። ወንበሩ ገና ከላስቲኩ ሳይወጣ፣ ሽታው ገና አፍንጫ ሲያውድ፣ በሽታውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ዝም ይላል። ሰውም እንዲሁ ነው ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ግን ወደዚያ መድረሴ ስለማይቀር አልቸኩልም።

ያኔ ከመንዝ ወረዳዎች በአንደኛው፣ ስሙን ባልጠራው በሚሻለኝ መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ደብዳቤ ይመጣል፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ፋይል ውስጥ አስተኛዋለሁ። ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ስብሰባ ያልነበረበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። አምቡላንሱ የመጣልን በዚያ ዘመን ነው። ነጭ፣ አዲስ፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር። ርክክቡ ላይ በግ ታረደ፣ ንግግር ተደረገ፣ እልል ተባለ። ሾፌራችን ጌታነህ ዕድሜውን ሙሉ ካምቢዮ ሲያማታ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የሌለውን ፍሪሲዮን ፍለጋ በግራ እግሩ ወለሉን ሲረግጥ ሳምንት ከረመ። ገበሬውም ከሸክም ተገላገልን ብሎ፣ በሽተኛ በየተራ የሚሸከምበትን ቃሬዛ ፈታው። አንዱ መንደር አግዳሚውን የበረት መዝጊያ አደረገው ሲሉኝ ስቄያለሁ። አሁን አያስቀኝም።

የካቲት ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። እንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ‘እንግሊዝኛ የሚያውቀው’ የምባል ሰው ነኝ፤ መዝገበ ቃላት ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ። ሁለት ቀን ታግዬ ገባኝ። አምቡላንሱን የሠራው ፋብሪካ የሚለው፣ ቁጥራቸው ከዚህ እስከዚህ የሆኑ መኪኖች ካምቢዮ ላይ ከአሠራሩ ጉድለት ስለተገኘ፣ ሲግል ማርሽ ሊለቅ ይችላልና፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ በነፃ እንድንለውጥላችሁ ሳትዘገዩ መልሱልን ነው። ወርጄ የመኪናውን ቁጥር አመሳከርኩ። ከተጠቀሱት ቁጥሮች መሐል ላይ ቁጭ ብሏል።

ለኃላፊያችን አስረዳሁት። በመስኮቱ አምቡላንሱን አየና፣ «እየሠራ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«እየሠራ ነው።»

«ታዲያ የሚሠራ መኪና አዲስ አበባ ልኬ፣ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ምን ልጽፍ ነው? በእልልታ የተቀበልነውን፣ ጉድለት አለበት ብለን ልንመልስ?» አለና ብዕሩን አንሥቶ የደብዳቤው ዳር ላይ ‘ለመረጃነት ከፋይሉ ጋር ይያያዝ’ ብሎ መራው። አያያዝኩት። ለጌታነህ ቢያንስ በጆሮው ልንገረው ብዬ አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ተውኩት። ምክንያት የለኝም፤ ቢኖረኝ ኖሮ ይህንን ሁሉ ዓመት ስፈልገው አላጣውም ነበር።

ሰኔ ላይ የአያ ደምሴ ልጅ እቴነሽ ምጥ ተያዘች። የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ቀን አምጣ አልሆን ሲል አምቡላንስ ተጠራና ጌታነህ በማለዳ ሄዶ አነሣት። ሐኪም ቤት የሚደረሰው በጓሳ ዳገት በኩል ነው። ጉሙ መሬት ነክቶ ነበር ይላል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው ግን አልዞር አለ። ነዳጅ ረገጠ፣ አጥፍቶ አስነሣ፣ ወደ ኋላ ለቆ ሞከረ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ጌታነህ በእግሩ ሮጦ ቤት እስካለበት ደረሰና ሰው ይዞ ተመለሰ፤ ሰው እንጂ ቃሬዛ አልነበረም። የአስታ እንጨት ቆርጠው፣ በገመድ አስረው፣ ጋቢያቸውን ዘርግተው እስኪያበጁ ረፋዱ አለፈ። እየተቀባበሉ ተሸከሟት። የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ ከሩቅ መታየት ሲጀምር እቴነሽ ዐረፈች፤ ጽንሱም አብሯት።

በሁለተኛው ሳምንት ግምገማ ተጠራ። ሰው ሞቶ ግምገማ አይቀርም። አጀንዳው ‘የንብረት አያያዝ ጉድለት’ ይላል። አንዱ ተነሥቶ ጌታነህ የኃላፊነት ስሜት የለውም አለ፤ አንዷ የአሮጌ መኪና አነዳድ በአዲስ መኪና ላይ አምጥቷል አለች። ሌላው ችግሩ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው አለ፤ የጌታነህ ይሁን የካምቢዮው ግን አላብራራም። በመጨረሻ ጌታነህ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እውነት ነው» አለ። «ስትጮህ ደነገጥኩ። ነዳጁን አብዝቼ ረገጥኩት። ካምቢዮውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እሷንም እኔ ነኝ።»

ደብዳቤው ከአዳራሹ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ እኔ ባስቀመጥኩበት መደርደሪያ ላይ ነበር። ኃላፊው አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ሁለታችንም ጠረጴዛችንን አየን። ‘ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ አምኗል’ ብዬ የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው፤ ጽሕፈቴ ደግሞ ያምራል ይባልልኛል።

ጌታነህ ከሥራ ተሰናበተ። ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አያ ደምሴ ደጅ ላይ ተንበረከከ። አያ ደምሴ ድንጋዩን በእጃቸው ከጫንቃው አወረዱለትና፣ «ልጄ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሱም ይቅር ይበልህ» አሉት አሉ። ቆመው ያዩት ሁሉ አለቀሱ። እኔ አልሄድኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ፋብሪካው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጽፍ ኃላፊያችን ‘በአስቸኳይ ይፈጸም’ ብሎ መራው። መኪናው ተጭኖ ሄደ፣ ካምቢዮው ተለወጠለት፣ ታጥቦ መጣ። በሪፖርቱ ላይ ‘በተደረገው ብርቱ ክትትል’ ተብሎ ገባ። አዲስ ሾፌር ተቀጠረ። ጌታነህን የጠራው የለም።

ሦስት ዓመት ቆይቼ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት ከለቀቅኩ በኋላ፣ የደብዳቤውን ግልባጭ በኪሴ ይዤ ጌታነህ ወዳለበት ሞላሌ ከተማ ወረድኩ። ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል። ላወራው ብሞክር ከወፍጮው ጩኸት የተነሣ ስላልተሰማው ሞተሩን አጠፋው። ገብስ ያስፈጩ የነበሩት ሴቶች አጉረመረሙ። መስመር በመስመር ተረጎምኩለት። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ከፋብሪካው ነው የመጣው፣ አልኩት። እውነት እላችኋለሁ፣ የሚያቅፈኝ መስሎኝ ነበር።

ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የማያነበውን ፊደል ትቶ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም ተመለከተ።

«መቼ ነው የገባው?» አለኝ።

«የካቲት።»

«እሷ ሰኔ ነው የሞተችው።»

«አዎ።»

«ያነበበው ማነው?»

«እኔ።»

ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ እወድ ነበር። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝና በርጩማ አቀረበልኝ።

«አያ ደምሴ ገበያ ሲወጡ ሲመለሱ እዚህ ያርፋሉ» አለ። «ደኅና ሰው ናቸው። ዛሬ ገበያ ነው፤ ተቀምጠህ ጠብቃቸውና ለእሳቸውም አንብብላቸው።» ከዚያ ሞተሩን አስነሣው።

በርጩማው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ወፍጮው ውስጥ ጩኸት ስለነበር መሰናበት አላስፈለገኝም። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ወጣሁ። ሰዓቱ ገና አራት ነበር፤ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚመልሰኝ መኪና የሚነሣው በዘጠኝ ነው።