የጋሽ ቀጥ በል ዘመቻ በዘመመው ጠረጴዛ ላይ

ሊቀ አናጢያን፣ ጌታ መጋዝ ወመላጊያ፣ ሰባት ዓመት በጦር ሜዳ ቆይተው ቀኝ እግራቸው በአንድ ጣት ወርድ አጥሮ የተመለሱት አያታችን፣ ሰልፈኛውን ሁሉ ሲያዙበት ከኖሩት ቃል የተነሣ ጋሽ ቀጥ በል የተባሉት፣ ወደ ቤታቸው በገቡ በአርባ አንደኛው ዓመት፣ ዘመነ ካርቶን በጠባ በዘጠነኛው፣ በዕለተ ሐሙስ ከቁርስ በኋላ፣ የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ ተንሸራቶ በባለቤታቸው፣ በሴት አያታችን በእቴጌ ማጀት ጭን ላይ ተደፋ። የጦርነቱ መነሻ ያ ብርጭቆ ነው።

የትውልዳቸው ነገር እንዲህ ነው። አባታቸው ዘእንበለ ሚስማር በር የሚገጥሙ፣ መዝመምን በአረፋ የሚያሳየውን ውሃ ልክ የሚባለውን መሣሪያ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ አናጢ ነበሩ፤ ወለል ሠርተው ሲጨርሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በመካከሉ ይቆሙና እግራቸው የነገራቸውን ያምኑ ነበር። ይህንንም ጥበብ ለልጃቸው አወረሱ። ልጅየውም ከጦር ሜዳ በተመለሱ በሦስተኛው ወር የሚተኙበትንም የሚበሉበትንም ሰፊ ክፍል ወለል በጣውላ አለበሱ፤ ጫማቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እግራቸውም ልክ ነው አላቸው። አባትየው ሥራውን ሊያዩ መጡ፤ እርሳቸውም ባዶ እግራቸውን ቆሙ፤ ብዙ ቆዩ፤ የልጃቸውን ቀኝ እግር አዩ፤ ጥሩ ወለል ነው ብለውም ጫማቸውን አጠለቁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ለልጃቸው በርና መስኮት እንጂ ወለል ሰጥተዋቸው አያውቁም።

ዘመነ ካርቶን ስለምን ተባለ ቢሉ፣ አባትየው ባረፉ ጊዜ በእጃቸው የሠሩት ጠረጴዛ በውርስ ወደዚህ ክፍል ገባ፤ በገባባትም ሰዓት ወደ መስኮቱ አዘመመ። ሽንኩርቱ ይንከባለላል፣ ማንኪያው ይሾልካል፤ እቴጌ ማጀትም በመስኮት በኩል ባሉት ሁለት እግሮቹ ሥር በተጨፈለቀ ካርቶን ላይ ካርቶን እየደረቡ ዘጠኝ ዓመት በትዕግሥት አስተዳደሩ። እኛ የልጅ ልጆች በዚያ ክፍል አድገናልና ሁላችንም ፎቶ ስንነሣ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ማለታችን አልቀረም።

ብርጭቆው በተደፋባት ዕለት ግን ትዕግሥት አለቀና ከማጀት እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦

«ይህ ጠረጴዛ እስከ እሁድ ምሳ ካልተስተካከለ ያንን ሰማያዊ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ከሱቅ አስመጣለሁ። አሮጊት ነኝ፣ ሻዬን ተረጋግቼ ልጠጣበት። ጨርሻለሁ።»

በአናጢ ቤት፣ ያውም በአናጢ ልጅ አናጢ ቤት፣ ፕላስቲክ! ጋሽ ቀጥ በል ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ ማንኪያዋም ሾለከች፤ እርሳቸውም በተራቸው አወጁ፦

«በአባቴ ጠረጴዛ ሥር ካርቶንም ሽብልቅም ሁለተኛ አላይም። እግሩን አስተካክለዋለሁ።»

ወእምዝ በዕለተ ዓርብ ሠራዊቱ ተነሣ። ከፊት ልብስ ሰፊው አማቻቸው፣ ሜትር በአንገቱ እንደ ሜዳይ ያንጠለጠለ፣ የጠረጴዛውን ሁለት እግሮች ተሸክሞ፤ ከኋላ ጎረቤታቸው ጡረተኛው ግንበኛ፣ ውሃ ልክ በኪሱ፣ ምክር በአፉ፤ በመጨረሻም ድመቲቱ፣ ምንም ሳትሸከም። ጠረጴዛውን ግቢውን አሻግረው አባትየው ወደ ሠሩት ወርክሾፕ አስገቡት። ጋሽ ቀጥ በልም በግድግዳ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች አራት ጣት አራት ጣት ቆረጡ፤ ቆርጠውም ቢያቆሙት በወርክሾፑ ወለል ላይ ወደ ግድግዳ ወደቀ። ይህንን አይተው በመስኮት በኩል ያሉትንም እንዲሁ ቆረጡ። አሁን እንደ ዓለት ቆመ፤ አማችየውም ሜትሩን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበው። ወደ ክፍሉ ባስገቡት ጊዜ ወደ መስኮቱ አዘመመ።

በዕለተ ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ፤ እሁድ ጠዋትም እንዲሁ። በወርክሾፕ ድል፣ በክፍል ሽንፈት። ከወገብ የተነሣው ጠረጴዛ በሦስተኛው ዘመቻ ጉልበት ላይ ደረሰ፤ ድመቲቱም ከእንግዲህ ሳትዘል ትወጣበት ጀመር። እቴጌ ማጀት ነጠላቸውን አንስተው ወደ ሱቅ ለመሄድ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

በዚያች ሰዓት ግንበኛው፣ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የተከለከለውን ውሃ ልክ ከኪሱ አውጥቶ፣ ጠረጴዛውን ትቶ በወለሉ ላይ አስቀመጠው። በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው አረፋም እንደ ተሸነፈ ወታደር ከፍ ወዳለው ወገን፣ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

ጋሽ ቀጥ በል ጫማቸውን አወለቁ። ወደ በሩ ዞረው ቆሙ፤ ከፍ ያለው ወገን በአጭሩ እግራቸው ሥር ሆነና ልክ ነው። ከበሩ ትይዩ ወዳለው ማጀት ዞረው ቆሙ፤ ሊወድቁ ሲሉ አማቻቸው ደገፋቸው። አርባ አንድ ዓመት ማታ ማታ ሲገቡ እጥፍ ያነክሱ የነበረው፣ ቤተሰቡም ሁሉ የሥራ ድካም ነው ያለው፣ ለካ ወለሉ ነበር። የአባታቸውን እንከን የለሽ ጠረጴዛ በከንቱ እንደ ቆራረጡ አወቁ፤ ፊታቸውም ጠቆረ፤ ቀስ ብለውም አወጁ፦

«ወለሉ ነገ ይነቀላል።»

እቴጌ ማጀትም ነጠላቸውን መልሰው ሰቀሉና የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፦

«አይነካም። ከጦር ሜዳ ስትመለስ መንገድ ለመንገድ እያነከስክ አንገትህን ደፍተህ ነበር የምትሄደው። ይህን ወለል የሠራህ ጊዜ ግን ከአልጋህ ተነሥተህ እስከ በሩ ቀጥ ብለህ ሄድክ። አባትህም አይተዋል፤ ‹ልጄ፣ ማንም እንዳይነካው› ብለው ለእኔ አደራ ሰጥተውኛል። ጠዋት ጠዋት ስትወጣ ከዚህ ሆኜ አይሃለሁ። ማታ የምታነክሰውን እኔ እችለዋለሁ። ፕላስቲኩንም ትቼዋለሁ፤ አሁን ሽብልቅህን አምጣ።»

ሁለት ሽብልቆች መጡ። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ምሳው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ተበላ፤ አንዲት ሽንኩርት አልተንከባለለችም፤ ሴት አያታችንም ሻያቸውን ተረጋግተው ጠጡ።

ሰኞ ማለዳ ጋሽ ቀጥ በል ከአልጋቸው ተነሥተው እስከ በሩ ያለውን ስምንት እርምጃ ሳያነክሱ ተራመዱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱም በአርባ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው ወደ ኋላ አዩ። እቴጌ ማጀት ፈጥነው ጠረጴዛ የሚወለውሉ መሰሉ።

ሞገስ ለእርሳቸው ይሁን፤ ሦስቴ ዘምተው ጠረጴዛ ላሳጠሩ፣ ከአልጋ እስከ በር ላለው ምድር ሁሉ ጌታ ለሆኑ፣ በሰልፈኞች መካከል ቀጥ ላሉ። ከዚህም የሚበልጥ ሞገስ፣ ዘጠኝ ዓመት ካርቶን አጥፈው አርባ አንድ ዓመት ምሥጢር ለጠበቁት።