የቁጣ ማብረጃው ዘይት

እውቀት ጥሩ ነው የሚሉ ሰዎች፣ አንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእረፍት ቤታቸው ገብቶባቸው አያውቅም!

እኔ ገብቻለሁ። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር… ቀበሌያችን ስደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሳይኮሎጂ፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ነበረች።

ጠርሙሷ የያዘችው ላቬንደር ከሚባል አበባ የወጣ ዘይት ነው። መምህራችን እንዳስረዱን፣ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ያሉትን ነርቮች ይነካል፤ እነሱም መልእክቱን ስሜትና ትዝታ ወደሚንቀሳቀሱበት የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ያደርሱታል። ከዚያ የልብ ምት ሊረጋጋ፣ ሰውነትም ሊፍታታ ይችላል። “አንዳንድ ሰው ላይ፣ በመጠኑ፣ ሊያግዝ ይችላል” ነበር ያሉት። እኔ “አንዳንድ”ንም፣ “በመጠኑ”ንም፣ “ይችላል”ንም እዚያው ክፍል ውስጥ ትቼ፣ “ያግዛል”ን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል… እኔ ግን ጥምጥሙን ቀድሜ ጨርሻለሁ!

ደግሞ ሳልሞክረው እንዳይመስላችሁ። ዘይቱን የሰጠኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ ከሒሳብ ፈተና በፊት በደንብ አድርጌ ሳብኩት። ውጤቱ ድንቅ ነበር! ድሮ እየተንቀጠቀጥኩ የምስታቸውን ጥያቄዎች በሙሉ፣ በፍጹም ሰላም ሳትኳቸው።

ቤታችን ግን ሰላም የለም። አባቴና ጎረቤታችን አያ ስንሻው ተኳርፈዋል። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው። ለዓመታት በመቀናጆ በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው፣ ዛሬ የእኛን ነገ የእነሱን ማሳ ሲያርሱ ኖረዋል። አሁን ዝናቡ ጀምሯል፤ የሰው ሁሉ ማሳ ታርሷል። የእኛ በሬ ደጃችን ቆሞ ያመሰኳል፤ የአያ ስንሻውም ማዶ ቆሞ ያመሰኳል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ካልታረቁ ዘንድሮ ሁለቱም ቤት እህል አይገባም።

“የእሱ በሬ ቀንበር ሲያይ ይተኛል!” ይላል አባቴ።

“የእሱ በሬስ ደህና ነው፤ የሚዋጋ ባለቤቱ ነው!” ይላሉ አያ ስንሻው።

ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፤ በቁጣ ተበተነ። እንደገና ለእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዋርካው ሥር ተቀጠረ። የሽማግሌዎቹ አውራ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ናቸው። እኔም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ “ችግሩ የነርቭ ነው። መፍትሔው ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።”

እሑድ ጠዋት አባቴ ሳያይ ጋቢው ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። መንገዱን ሙሉ እያሸተተ ሄደ።

“ምን ይሸተኛል?”

“አበባ ይሆናል፣ አባባ።”

“በዚህ ወር የምን አበባ?”

ዋርካው ሥር ስንደርስ አያ ስንሻው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ትከሻቸው ላይ አንዲት ጠብታ ጣል ላደርግ… ጠርሙሷ ከእጄ ከዳችኝ! ዘይቱ ባንገታቸው ገብቶ በጀርባቸው ቁልቁል ወረደ።

“በስመአብ ወወልድ! ምን አፈሰስክብኝ አንተ ልጅ?”

በእኛ አገር ሰው ላይ በድብቅ ፈሳሽ ማፍሰስ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ለእናንተ አልነግራችሁም። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አባቴ ጋቢውን አሸተተ። ከዚያ አያ ስንሻውን ጠጋ ብሎ አሸተተ። ያው ሽታ!

“እኔንም አድርጎብኛል!” አለ።

አያ ስንሻው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፦ “‘የተማረ ይግደለኝ’ ሲባል እሰማ ነበር፤ ይኸው በእውነት ሊገድለኝ መጣ!”

መሪጌታ ሁሉንም ዝም አሰኙና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁኝ። “ልጄ፣ ይህ ነገር በየት ገብቶ ምን ያደርጋል?”

የመምህር ጥያቄ ሲቀርብልኝ ደግሞ አልችልም፤ ሙሉ ነጥብ ማግኘት አለብኝ። “በአፍንጫ ይገባል፣ መሪጌታ። አንጎል ይደርሳል። ነርቭን ይይዛል። ልብን ያበርዳል። ከዚያ ሰውየው እሺ ባይ ይሆናል።”

“ሳይታወቀው?”

“አዎ፣ ሳይታወቀው!” አልኩ በኩራት።

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አማተበ።

“አንተስ አሽትተኸው ታውቃለህ?”

“በየቀኑ ነው እንጂ! ቡሬ ከገባሁ ጀምሮ።”

መሪጌታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ተገኘ፤ ልጁ ተለክፏል” አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተቆጣኝም፤ የከፋው እሱ ነው። ሊመቱኝ ከዘራ ያነሡት አያ ስንሻው ከዘራቸውን አወረዱ። አባቴ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አይተው አጠገቡ ተቀመጡ። “አይዞህ፤ ልጅ የጋራ ነው። ጠዋት ጠበል እናደርሰዋለን።”

“አንተም ትመጣለህ?” አለ አባቴ።

“ብቻህን ትይዘዋለህ?”

በማግስቱ ማለዳ አባቴ በቀኝ፣ አያ ስንሻው በግራ ክንዴን ጨብጠው ቁልቁለቱን ወረድን። እነሱ እኔን መሃል አድርገው ያወጋሉ።

“እኔ ግን ፈርቻለሁ” አሉ አያ ስንሻው። “ሌሊቱን አንዴም ሳልነቃ ነው ያነጋሁ። እንዲያ ተኝቼ አላውቅ! እኔንም ይርጩኝ እንጂ አያስተማምንም።”

“እኔም እኮ ያ የሁልጊዜ ሳሌ ሌሊቱን አልተነሣብኝም!” አለ አባቴ ደንግጦ።

“እንግዲያ ሦስታችንም እንጠመቅ። ከዚያ ካንተ ማሳ እንጀምር።”

“የለም፣ ካንተ ይጀመር፤ ያንተ መሬት ውሃ ይይዛል።”

“ኧረ ካንተ ነው የምልህ!”

ተራ በመለቃቀቅ ሊጣሉ ሲሉ ጠበሉ ደረስን። ስለ ነርቭ በክፍል ውስጥ ያልገባኝ ሁሉ፣ ያ ቀዝቃዛ ውሃ ራሴ ላይ ሲወርድ ባንዴ ገባኝ! ጥርሴ ሲንገጫገጭ አያ ስንሻው ለአባቴ “እየለቀቀው ነው” አሉት። በዚያው ቀን በሬዎቹ ተጠመዱ።

ሽታ ሰውን ያስታርቅ እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ አሁን እንደ መምህሬ በጥንቃቄ ነው የምመልሰው፦ አንዳንድ ሰው ላይ፣ በመጠኑ፣ ሊያግዝ ይችላል። ግራና ቀኝ ይዘው የሚወስዱት የጋራ እብድ ግን፣ አንዳንድ የለ፣ በመጠኑ የለ፣ ያስታርቃል!