ለአዲስ ነዋሪ የተዘጋጀ መደርደሪያ

እኛ አገር እንግዳ መቀበል የማይችል ሰው አላየሁም፤ እንግዳ መቀበል የሚችል መሥሪያ ቤትም አላየሁም። ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ። የአዋሽ ሰባት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እኔው ነኝ።

ከሌላ አካባቢ መጥተው ለሰፈሩ ሰዎች አገልግሎት ንደፉ ተብለን የክልሉ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ሰመራ ሦስት ቀን ተሰበሰብን። የመጀመሪያውን ቀን «መጤ» እንበላቸው ወይስ «አዲስ ነዋሪ» ስንል ፈጀነው። አዳራሹ ማቀዝቀዣ አለው፤ ማን ይቸኩላል? በሦስተኛው ቀን በየቤተ መጻሕፍቱ ለአዲስ ነዋሪ መደርደሪያ ይዘጋጅ የሚል መመሪያ ወጣ። የአባልነቱን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ፣ ኮርቼበት ነበር። መጽሐፍ የሚወስድ አዲስ ነዋሪ እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገ ዋስ ያቅርብ ይላል።

መጀመሪያ የመጣችው ዘሐራ ናት፤ ከወሎ መጥታ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት የከፈተች። ልጇ በአፋርኛ ትምህርት ወድቃ ክፍል ልትደግም ስለሆነ፣ የድጋሚ ፈተናው ሳይደርስ የአፋርኛ መማሪያ እንዳውሳት ለመነችኝ። መጽሐፉ ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ዋስ አልኳት። ጎረቤቶቿን ጠራች፦ ልብስ ሰፊው ከሐረር፣ ባለጋራዡ ከወላይታ፤ አፋሩ ሐጂ እንኳ የተወለዱት እዚህ ሳይሆን አዳይቱ ነው። ባቡር በቆረቆረው ከተማ እዚሁ የተወለደ ከየት ይምጣ? ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው፣ እሷ ትሁነኝ አለች። ልጅ ዋስ አይሆንም አልኳት። አላህ ያውቅልኛል ብላ ሄደች። ከፋኝ፤ ግን መመሪያ ነው፣ ያውም የራሴ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰመራ የተጠቃሚ ሪፖርት ጠየቀኝ። ከአቧራ በቀር መደርደሪያውን የነካው የለም። ተጨንቄ ዘሐራ ሻይ ቤት ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? በለስላሳ ሳጥን የተደረደሩ መጻሕፍት። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች አንዱ እዚህ ያነሳውን አሳይታ ያደርሳል፣ ሌላው የአሳይታውን ያመጣል። የአፋርኛውንም መማሪያ አንዱ ሾፌር በሦስተኛው ቀን አምጥቶላት ልጅቷ አልፋለች። ደስ አለኝ፤ በጣምም አፈርኩ።

እኔም ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር አፋርኛ ከሰላምታ አላለፈልኝምና መማሪያውን አውሺኝ አልኳት። ዘሐራ ሻዬን አስቀምጣ የት እንደተወለድኩ ጠየቀችኝ። ደብረ ብርሃን አልኩ። እንግዲያው ዋስ አምጣ አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ዋስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አየሁ። የዋስትናውን ወረቀት የፈረመችልኝ እዚሁ የተወለደችው ልጇ ናት፤ ከስሜ አጠገብም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «አዲስ ነዋሪ» ብላበታለች።